ምች፣ ጨረርና አርባ ሁለት ቀን

ምች መድኃኒት ሆኗል አሉ። ድሮ ምች የመታው ሰው ዳማከሴ ታሽቶ ይሰጠው ነበር እንጂ፣ ምች ራሱ ተጠርቶ «ና እስቲ ይችን ዕጢ ምታልኝ» ሲባል ሰምተን አናውቅም። አሁን እየተባለ ነው። ጠዋት ስንነሣ ከንፈራችን ላይ ውኃ ቋጥሮ የምናገኘውን፣ እኛ ምች የምንለውን ቁስል የሚያመጣው ኸርፐስ የሚባል ቫይረስ ነው። አሜሪካኖችና ጃፓኖች ይህን ቫይረስ ይዘው፣ ክፉ ክፉውን ዘረ መል ቆርጠው ጥለው፣ የጭንቅላት ዕጢ ውስጥ በመርፌ ይለቁታል። እሱም ጤነኛውን የአንጎል ሴል ትቶ ካንሰሩ ውስጥ ይባዛል፤ ተባዝቶ ተባዝቶ ሴሉን ያፈነዳዋል። በላዩ ላይ ጨረር ሲጨመርበት ደግሞ ጉልበቱ ይበረታል ይላሉ።

ወሬው እውነት ነው። የሚያናድደኝ ወሬው ሳይሆን እኛ ዘንድ ሲደርስ የሚሆነው ነው። በአንድ በኩል ኤፍኤሙም ፌስቡኩም «ለካንሰር መድኃኒት ተገኘ!» ብሎ ይለቀዋል፤ ቤቱ በሽተኛ ያለበት ሰው ሌሊቱን ሳይተኛ ያድራል። በሌላ በኩል አዋቂ ነኝ ባዩ ከቡናው ቀና ይልና «ተዉት ባካችሁ፣ ይኼ የሀብታም አገር ጨዋታ ነው። እኛ ገና ወባውን መች ቻልነውና!» ይላል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ይበልጥ የምጣላው ግን ከሁለተኛው ጋር ነው። የመጀመሪያው ቢያንስ ጨንቆት ነው፤ ሁለተኛው አንዳንዴ ወንበርም ፊርማም አለው።

እስቲ ከዚሁ «የሀብታም አገር ጨዋታ» ከተባለው ልጀምር። የዚህ ጨዋታ አንዱ ሥር የት እንዳለ ታውቃላችሁ? ኡጋንዳ! እ.ኤ.አ. በ1971 ላንሴት የተባለው የእንግሊዞች የሕክምና መጽሔት ስለ አንድ የስምንት ዓመት ልጅ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ልጁ ቡርኪት ሊምፎማ የሚባለው፣ በአህጉራችን ሕፃናት ላይ የሚበረታ ካንሰር ዓይኑ አካባቢ አብጦበት ነበር። ሕክምናው ሳይጀመርለት ኩፍኝ ያዘው። ኩፍኙ ሰውነቱ ላይ ሲወጣ ዕጢው እየሟሸሸ ሄደ። ሐኪሞቹም ያዩትን ጻፉ። ቫይረስ ካንሰርን ሊጎዳ ይችላል የሚለው ሐሳብ ከዚያም በፊት ነበረ፤ ቢሆንም ዛሬ ድረስ የዚህን ሕክምና ታሪክ የሚጽፉ ሰዎች የኩፍኙን ልጅ ሳያነሡ አያልፉም። የአፍሪካ ልጅ ኩፍኝ ለትምህርት ከበቃ፣ ከትምህርቱ የሚገኘው ፍሬ ግን የአፍሪካን ልጅ አይመለከትም የሚባለው በየትኛው ሒሳብ ነው?

ከዚያ በኋላ ነገሩ ሃያ ዓመት አዘገመ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሮበርት ማርቱዛ የሚባሉ አሜሪካዊ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው የምችን ቫይረስ ዘረ መል ነካክተው አይጥ አንጎል ውስጥ ባለ ዕጢ ላይ ሞከሩት፤ አይጦቹ ዕድሜ አገኙ። ጂ207 የሚባለው ቫይረስ በዚሁ መንገድ የመጣ ነው። ታናሽ ወንድሙን ጂ47ዴልታን ደግሞ ቶሞኪ ቶዶ የሚባሉ የቶኪዮ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር አሳደጉት። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2021 በቅድመ ሁኔታና በጊዜ ገደብ ፈቃድ ሰጠችው፤ ለጭንቅላት ካንሰር ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው ቫይረስ ሆነ። ፈቃዱ የቆመበት ጥናት ስንት በሽተኛ ነበረው? 19። ከ19ኙ 84 ከመቶ የሚሆኑት ከዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ። ይኼ በጣም ክፉ ለሆነው ግሊዮብላስቶማ ለሚባለው ዕጢ ትልቅ ነገር ነው። ግን 19 ሰው 19 ሰው ነው፤ ጎን ለጎን የሚነጻጸር ሌላ ቡድንም አልነበረም። ቶካ 511 የሚባለው ሌላ ቫይረስ ደግሞ 403 በሽተኞች በተሳተፉበት ጥናት ተፈትኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 ከነበረው ሕክምና የተሻለ ነገር ሳያሳይ ቀርቷል። «ተገኘ!» የምትሉ ወንድሞቼ፣ ካወራችሁ አይቀር ይህንንም አብራችሁ አውሩ።

አሁን ወደ ጨረሩ። አሜሪካ አላባማ፣ በርሚንግሃም ያሉ ሐኪሞች ጂ207ን ከጨረር ጋር አጋቡት። መጀመሪያ ዘጠኝ አዋቂዎች ላይ ሞከሩ፤ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ታተመ። ቀጥለው 12 ሕፃናትና ወጣቶች ላይ ሞከሩ፤ ይኼኛው በ2021 ወጣ። ልጆቹ ዕጢያቸው ለሌላው ሕክምና አልበገር ብሎ ያስቸገረ ነበር። ቫይረሱ በቀጭን ቱቦ ዕጢው ውስጥ ገባ፤ ለከፊሎቹ በ24 ሰዓት ውስጥ አንዲት መጠነኛ ጨረር፣ 5 ግሬይ፣ ተሰጠቻቸው። (ግሬይ የጨረር መስፈሪያ ነው፤ እንደ ሊትር ቁጠሩት።) ብዙውን ጊዜ ስድስት ወር እንኳ በማያስኬድ በሽታ፣ የልጆቹ መካከለኛ ዕድሜ 12.2 ወር ሆነ።

ለምን ጨረር? ምክንያቱ ራሱ ደስ ይላል። ጨረር ሴሉን ሲመታው ዘረ መሉ ይሰበራል። ሴሉም «ልጠገን» ብሎ የጥገና ዕቃውን ሁሉ ከጓዳ አውጥቶ ያሰማራል። ቫይረሱ ደግሞ ዘረ መሉ ስለተቆረጠበት የራሱ ዕቃ የለውም፤ የተዋሰውን ይዞ ነው የሚሠራው። ባለቤቱ ቤቱን ሊጠግንበት ያወጣውን መዶሻ ሌባው አንሥቶ ግድግዳውን አፈረሰበት ማለት ነው። ከዚያም በላይ ሁለቱ ተባብረው የሰባበሩት ሴል፣ እስከዚያ ድረስ ካንሰሩን እንደ ዘመድ እያየ ያልፍ የነበረውን የሰውነት ዘበኛ «ለካ ጠላት ኖሯል!» ያሰኘዋል።

እንግዲህ ወሬው በየአየሩ ሲነገር የምትዘለል አንዲት ነገር አለች። የጃፓን 19 በሽተኞች ወደ ቫይረሱ የደረሱት ጨረር ወስደው ነው። የጥናቱ መግቢያ ራሱ ይኸው ነበር፦ የጨረር ሕክምና አግኝቶ ዕጢው የቀረበት ወይም የተመለሰበት ሰው። ቫይረሱ ፎቅ ከሆነ ጨረሩ ደረጃው ነው። ጨረር ያላገኘ ሰው ስለ ቫይረሱ ሲሰማ ቢውል ደረጃ ስለሌለው ፎቅ መስማት ነው። ስለዚህ ጠቡ ያለው እዚህ ጋ ነው፤ ቶኪዮ ላይ አይደለም።

ጨረር ደግሞ አዲስ ነገር መስሏችሁ እንዳይሆን! ሮንትገን ኤክስሬይን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1895 ነው። ዐድዋ ላይ በተዋጋንበት በ1896 ፈረንጆቹ ጨረሩን ካንሰር ላይ መሞከር ጀምረዋል። የዐድዋ እኩያ የሆነ ሕክምና ነው የምናወራው። እኛ አገር የጨረር ሕክምና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1997፣ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ እርዳታ፣ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ! ከዚያም ከሃያ ዓመት በላይ፣ ሕዝቡ መቶ ሚሊዮን እስኪያልፍ ድረስ፣ በመላ አገሪቱ የጨረር ማዕከል ያ አንዱ ብቻ ነበር።

ያ ማሽን ኮባልት 60 በሚባል ንጥረ ነገር የሚሠራ ነበር። ኮባልት የሻማ ጠባይ አለው፤ ተጠቀምክበትም አልተጠቀምክበትም ያልቃል። በየአምስት ዓመት ከሦስት ወሩ ገደማ ጉልበቱ በግማሽ ይወርዳል። ጉልበቱ ሲወርድ ያንኑ መጠን ለመስጠት በሽተኛው ጠረጴዛው ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፤ አንዱ ሲረዝም በቀን የሚስተናገደው ሰው ያንሳል፤ ሰው ሲያንስ ወረፋው ይረዝማል። ወረፋ በወራት የሚቆጠርበት ጊዜ እንደነበር ያላየ ቢኖር የሰማ አለ። ካንሰር ደግሞ ወረፋ አያከብርም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በመብራት የሚሠሩት ዘመናዊዎቹ ማሽኖች ገብተዋል፤ ጥቁር አንበሳም ታድሷል፣ ጅማ ዩኒቨርሲቲም ሁለተኛው ማዕከል ሆኗል። የቀዶ ሕክምናውም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2006 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ የበርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን እዚሁ ማሠልጠን ከጀመረ ወዲህ መልኩ ተለውጧል። የተሠራውን አልክድም። ማሽን መጣ ማለት ግን ሕክምና ደረሰ ማለት አይደለም። ይህን የሚያሳየኝ ገነተ ማርያም ነው።

ገነተ ማርያም ስል የላስታዋን፣ አፄ ይኩኖ አምላክ የተሣሉባትን ውቅር ቤተ ክርስቲያን ማለቴ አይደለም፤ የአሶሳዋን ነው። ከዚያ አካባቢ የመጡ የአንድ ሽማግሌ ታሪክ ከእህታቸው ልጅ አፍ የሰማሁት አዲስ አበባ፣ በሽተኛ ጠባቂዎች በሚቀመጡበት አንድ ሻይ ቤት ነው። የሰውየውንም የሆስፒታሉንም ስም አልጠራም። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ ወደ አሶሳ ከሰፈሩት ናቸው፤ ስድሳ ስምንት ዓመታቸው ነበር። ጠዋት ጠዋት ራሳቸውን ያማቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል። ጤና ጣቢያ ሄዱ፤ አሶሳ እንደሆነ የወባ አገር ነው፣ የወባ መድኃኒት ተሰጣቸው። አልተሻላቸውም። ታይፎይድ ነው ተባለ። ቀጥሎ «ዓይንዎ ነው» ተብለው መነጽር ገዙ። ጠበልም ተጠመቁ፤ ለዚህ ማንም አይወቅሳቸውም። አንድ ቀን ግራ እጃቸው ዶማውን ለቀቀው። የዚያን ጊዜ ሪፈር ተጻፈ።

ከአሶሳ አዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በመንዲ፣ በነጆ፣ በጊምቢ፣ በነቀምት አድርጎ የሚመጣው የወለጋ መንገድ ደግሞ በጸጥታው ምክንያት ስንት ጊዜ እንደተዘጋ የአሶሳ ሰው ያውቀዋል። አንድ በሬ ተሸጠ፤ በአውሮፕላን መጡ። ዕጢው ተነሥቶ የሚነሣው ያህል ተነሣ። ከዚያ «አባባ፣ ጨረር ይወስዳሉ፤ ሠላሳ ጊዜ ነው፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ስድስት ሳምንት» ተባሉ።

የእህታቸው ልጅ ያን ጊዜ የጠየቀው አንድ ጥያቄ ነበር፦ «የት እናድራለን?» ጥያቄው ለማን እንደሚቀርብ ግን የሚያውቅ ሰው አላገኘም። ሐኪሙ የሕክምናውን ነው የሚያውቀው፤ ካርድ ክፍል ካርዱን ነው የሚያውቀው። ከሆስፒታሉ ጀርባ በቀን የሚከፈል አንድ አልጋ ተከራዩ፤ ሽማግሌው አልጋው ላይ፣ እሱ መሬት ላይ። ወረፋ ሲጠብቁ ሁለተኛው በሬ ሄደ። ጨረሩ ሲጀመር ዘጠኝ ቀን ሄዱ። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ሽማግሌው ልብሳቸውን አጥፈው ጠበቁት። የጨረር ክፍሉ ባለሙያ፣ ጥሩ ልጅ ነበር ይላል፣ እየሮጠ ወጥቶ «አባባ፣ ገና ሃያ አንድ ይቀርዎታል እኮ!» አላቸው። እሳቸውም «ልጄ፣ ማሽላው አይጠብቀኝም» አሉት። ሄዱ። አልተመለሱም።

እስቲ ቁጥሩን አብረን እንቁጠር። በሽተኛው ጭምብሉ ተገጥሞለት ማሽኑ ሥር የሚተኛው በአንድ ቀን ዐሥር፣ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ነው። በሠላሳ ብናባዛው ሁሉም ተደምሮ አንድ የመንግሥት የሥራ ቀን አይሞላም! ስምንት ሰዓት የማይሞላው ሕክምና አርባ ሁለት ቀን ላይ ተበትኗል። መበተኑ ምክንያት አለው፤ ጤነኛው አንጎል እንዲያገግም ጨረሩ በትንሽ በትንሹ መሰጠት አለበት። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመውና ዛሬም ዓለም የሚመራበት ጥናት ያሳየው ይህንኑ ነው፦ ስድስት ሳምንት ጨረር ብቻውን 12.1 ወር፣ ቴሞዞሎማይድ የሚባለው ክኒን ሲጨመርበት 14.6 ወር። ሳይንሱ ትክክል ነው። ግን ለአዲስ አበባ ሰው ዐሥራ አምስት ደቂቃ የሆነው ነገር ለገነተ ማርያም ሰው አርባ ሁለት ቀን ነው፣ አስታማሚውን ስትጨምሩ ሰማንያ አራት። አንድ ዓይነት ሕክምና ነው የሚሰጠው የምንለው በየትኛው አፋችን ነው?

እዚህ ላይ ነው የኛ አዋቂዎች መጮህ የነበረባቸው። ምክንያቱም ቀኑ ሊያጥር እንደሚችል የታወቀው ትናንት አይደለም። ያው ለጥቁር አንበሳ ማሽን የረዳው ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ፣ ግሊዮብላስቶማ ያለባቸው በዕድሜ የገፉ ወይም የደከሙ 98 በሽተኞች ላይ ጥናት አስጠንቶ ነበር፤ የታተመው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው። ግማሹ በሦስት ሳምንት 15 ጊዜ፣ ግማሹ በአንድ ሳምንት 5 ጊዜ ብቻ ጨረር ወሰደ። በዕድሜ ረገድ የጎላ ልዩነት አልታየም። አምስት ቀን! ሰኞ ገብቶ ዓርብ መጨረስ ማለት ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ለማን አምስት፣ ለማን ሠላሳ ቀን እንደሚገባ የምወስነው እኔ አይደለሁም። ለወጣቱና ለጠንካራው የስድስቱ ሳምንት ሥርዓት ዛሬም የሚመከረው ነው። ነገር ግን ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላቸው፣ ግራ እጃቸው የዛለ፣ ማሽላቸው የደረሰ ሽማግሌ ፊት ይህ አማራጭ ሊነሣ ሊጣልም ይገባ ነበር። እንዲህ ያለው ጥናት በየኤፍኤሙ «ተገኘ!» ተብሎ ሲነገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ቫይረስ ያጓጓል፤ ቁጥር መቀነስ አያጓጓም።

«የሀብታም አገር ጨዋታ» ላልነው ምርምርም ቢሆን ይኸው ነው መልሱ። የአላባማዎቹ ሐኪሞች ከቫይረሱ ጋር የሰጡት ጨረር አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ፣ 5 ግሬይ ነው። ሙከራው ገና ጥቂት ሰዎች ላይ ነው፤ የሠላሳውን ቀን ሕክምናም ይተካል ብሎ የነገረን የለም። በሩቁ የሚያሳየው አቅጣጫ ግን እኛን የማይመለከት ከሆነ ማንን ሊመለከት ነው? የቦስተን ሰው ስድስት ሳምንት ቢመላለስ ከሥራ ሲወጣ በመኪናው ጎራ ብሎ ነው። የቀኑ ማጠር የሞት ሽረት የሚሆነው ለአሶሳ ሰው ነው። እኛ ግን ጥያቄውን የምናስጠናበት ቦታ ላይ የለንም፤ ሌላው ለራሱ ጠይቆ የመለሰውን ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ከዚያ «ለኛ አይሆንም» እንላለን። ሳንጠየቅ የቀረነው ስላልጠየቅን ነው።

አሁን ደግሞ ያችን የተለመደች ክርክር ላንሣት። «ይኼ በሽታ እንደሁ አይድንም፤ በዐሥራ አራት ወርና በዐሥራ ሁለት ወር መካከል ላለ ልዩነት ይህ ሁሉ ወጪ ምን ያደርጋል?» ይባላል። አንደኛ፣ ሁለት ወር ከግማሽ ምን እንደሆነ ልጁን ሊድር ላለ አባት ንገሩት። ሁለተኛ፣ የጭንቅላት ዕጢ ሁሉ ግሊዮብላስቶማ አይደለም። ሜኒንጂዮማ የሚባለው ከአንጎል ሽፋን የሚነሣው ዕጢ አብዛኛውን ጊዜ ካንሰር አይደለም፤ በጊዜ ቢደረስበት በቀዶ ሕክምና የሚገላገሉት ነው። ሜዱሎብላስቶማ የሚባለው ደግሞ የሕፃናት ነው። ይኼኛው ካንሰር ነው፤ ክፉ ነው። ግን ቀዶ ሕክምናው፣ ጨረሩና መድኃኒቱ በጊዜ የተሟላላቸው አገሮች ውስጥ ከልጆቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ይድናሉ። ይድናሉ ነው ያልኩት። ትምህርት ቤት ይመለሳሉ። ያለ ጨረር ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም። ባምባሲ ላይ እየተንገዳገደ የሚሄድና ጠዋት የሚያስመልሰው የሰባት ዓመት ልጅ ካለ፣ «እንደሁ አይድንም» የሚለው ፍርድ የሚፈረደው በሱም ላይ ነው። ማን ፈራጅ አደረገን?

ወባውን በተመለከተ፣ ወባን ማቃለሌ አይደለም፤ አሶሳ ላይ ወባን የሚያቃልል የለም። ነገር ግን «መጀመሪያ ወባ» የሚሉት ሰዎች ሁለቱ በሽታዎች የሚገናኙበትን ቦታ አላዩትም። ሽማግሌው የወባ መድኃኒት የተሰጣቸው ያችው ጤና ጣቢያ ነች ዕጢውንም መጠርጠር የነበረባት። ለዚያ ሲቲ ስካን አያስፈልግም። ለሦስተኛ ጊዜ «ራሴን» ብሎ የመጣን ሰው፣ ጠዋት ይብስብሃል ወይ ብሎ መጠየቅ ነው። ዓይን ውስጥ የሚታይባት በእጅ የምትያዝ ትንሽ መሣሪያ አለች፤ የጭንቅላት ውስጥ ግፊት ሲጨምር የዓይን ነርቩ ያብጣል፣ በሷ ይታያል። የመነጽር ዋጋ ከመክፈላቸው በፊት በዚያች መሣሪያ ያየላቸው ሰው ቢኖር ወራት ይተርፉ ነበር። ይኼ የቶኪዮ ቴክኖሎጂ አይደለም።

ደግሞም ሌላ ገበያ አለ። በየአደባባዩ መኪና ላይ ፎቶ ለጥፎ፣ ድምፅ ማጉያ ይዞ «ወገን ለወገን» እያለ የሚለምነውን አይታችኋል። አብዛኛው እውነተኛ ችግረኛ ነው፤ እናት ለልጇ የማታደርገው የለም። ነገር ግን «ለካንሰር መድኃኒት ተገኘ» የሚለው ወሬ በወጣ ማግሥት ስንቱ ነው ቤቱን ሸጦ ባንኮክ ወይ ሕንድ የሚሄደው? አንዳንዱ የሚሄደው እዚሁ ሊያገኘው የሚችለውን ያንኑ የሠላሳ ቀን ጨረር ፍለጋ ነው። ቫይረሱማ እዚያም ከመደርደሪያ አውርደው የሚሸጡት ዕቃ አይደለም። አየር ላይ የተነገረች አንዲት ያልተጠና አርዕስተ ዜና የአንድን ቤት ጣሪያ እንደምታስነቅል ለዜና ሰዎቻችን የሚነግራቸው ቢገኝ ጥሩ ነበር።

ወደ አልጋው ልመለስ፤ ነገሬ ያለው እሱ ላይ ነው። ለካንሰር በሽተኛ ማደሪያ መስጠት ሕክምና ነው ብለው መጀመሪያ የገባቸው ሐኪሞችም ሹሞችም አይደሉም፤ ልጅ የሞተባቸው ወላጆች ናቸው። የማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ የተሰየመው የአራት ዓመት ሕፃን ሆኖ በደም ካንሰር በሞተው ልጅ ስም ነው፤ አባቱ ናቸው ያቋቋሙት። ተስፋ አዲስም እንዲሁ ካንሰር የያዛቸው ሕፃናት ወላጆች ማኅበር ነው። ከክፍለ ሀገር የሚመጣ በሽተኛ የሚያድርበት፣ የሚበላበት፣ ወደ ቀጠሮው የሚመላለስበትን ነገር ያደራጁት እንዲህ ያሉት ሰዎች ናቸው። እግዜር ይስጣቸው። ግን እስከ መቼ ነው የመንግሥት ማሽን በእዝን ላይ በቆሙ ሰዎች አልጋ የሚሠራው? በብዙ ሚሊዮን ብር ማሽን ገዝቶ፣ ለማሽኑ ወፍራም የኮንክሪት ቤት ሠርቶ፣ ለበሽተኛው የቆርቆሮ ማደሪያ መንፈግ ምን የሚሉት ቁጠባ ነው? በዘጠነኛው ቀን ያቋረጠ በሽተኛ የወሰዳቸው ዘጠኝ ቀናት እኮ ለሱም ለማሽኑም የባከኑ ናቸው። ሌላ ወረፋ ጠባቂ ይጠቀምባቸው ነበር።

«ገንዘብ የለም» እንዳትሉኝ ብቻ። ከአሶሳ ብዙም በማይርቀው፣ በዚያው በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ ጉባ ላይ 5,150 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ግድብ ሠርተናል። ዐሥራ አራት ዓመት ፈጀ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመረቀ። ሊስትሮው ቦንድ ገዝቷል፣ የመንግሥት ሠራተኛው የወር ደመወዙን ሰጥቷል፣ የገነተ ማርያም ገበሬም አዋጥቷል። ማዋጣት የማያውቅ ሕዝብ አይደለንም። እኔ ደግሞ አሶሳ ላይ ነገውኑ የጨረር ማሽን ይተከል አላልኩም፤ ማሽን ያለ ፊዚክስ ባለሙያና ያለ ጠጋኝ ብረት መሆኑን አይተናል። ያልኩት አልጋ ነው። ሃምሳ አልጋ፣ አንድ ወጥ ቤት፣ አንድ ሚኒባስ፤ እንደ በጎ አድራጎት ሳይሆን እንደ መድኃኒት ተቆጥሮ በጀት የሚያዝለት።

ደግሞ ያ የሪፈር ወረቀት አለ። የበሽተኛው ስም አለበት፣ ዕድሜው አለበት፣ የተጠረጠረው በሽታ አለበት፣ የላኪው ፊርማና ማኅተም አለበት። ከማኅተሙ በላይ ባዶ ቦታ አይቼበታለሁ፤ ሁለት መስመር ይበቃዋል። አንዱ «ሕክምናው ስንት ቀን ይፈጃል?» የሚል፣ ሌላው «በሽተኛውና አስታማሚው የት ያድራሉ?» የሚል። ሁለተኛውን መስመር ሳይሞላ የፈረመ ሰው ወረቀቱ ይመለስበት።